ባዶ ቤት ውስጥ የምትቆጥረው ሴት

የእህቴ ልጅ ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም። ደረጃ ስትወጣ አይሰማም፣ በር ስትከፍት አይሰማም፤ ከኋላ መጥታ ጉሮሮዋን እስክትጠርግ ድረስ እዚያ መቆሟን ማንም አያውቅም። በዚህ የተነሳ የሚያውቃት ሁሉ «ድመቷ» ይላታል። እሷ ሲጠሯት አትቆጣም። እኔ ግን ስሙን ለረጅም ጊዜ አልወደድኩትም። ኮቴው የማይሰማ ሰው አንድ የሚደብቀው ነገር አያጣም ብዬ የማስብ ሰው ነኝና።

አመሉን ከየት እንዳመጣችው ግን አውቃለሁ። እናቷ፣ ታናሽ እህቴ፣ አንድ ነጋዴ ቤት ተቀጥራ እዚያው እየኖረች ስትሠራ ነው የወለደቻት። ቤቱ ባለ ፎቅ ነበር። አሠሪዎቿ ክፉዎች አልነበሩም፤ ልጅሽን ይዘሽ መኖር ትችያለሽ ብለዋታል። አንድ ነገር ብቻ ጨመሩበት፤ እንግዳ ሲመጣ ልጅቷ እንዳትታይ። በዚያ ቤት ደግሞ እንግዳ የማይመጣበት ቀን አልነበረም። ስለዚህ ልጅቷ ያደገችው ከደረጃው ሥር፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ አንሶላ በሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፋ ነው። እህቴ «ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊ» ትላታለች፤ እሷም ዋጥ ታደርጋለች። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ሻይ ከቀረበልኝ በኋላ «ልጅቷስ የት ሄደች?» ብላት፣ እህቴ ሳቀችና «ይኸውና ካንተ ኋላ» አለችኝ። ዞር ስል በበሩና በግድግዳው መካከል፣ እኔ የቀለም ብሩሽ ለማስገባት በምቸገርበት ክፍተት ውስጥ፣ ቀጥ ብላ ቆማ ታየኛለች። እዚያ ቆማ የተናገርነውን ሁሉ ስትሰማ ነበር።

ነጋዴው ቤቱን ሸጦ ሲሄድ ዕቃው ሁሉ በመኪና ተጭኖ ወጣ። እናትና ልጅ የመጨረሻዎቹ ሆነው ባዶውን ቤት ጠርገው፣ ቁልፉን አስረክበው እኔ ዘንድ መጡ። ባለቤቴና እኔ ተቀበልናቸው። እህቴ ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ልጅቷ ከእኛ ጋር አደገች፤ አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ሥራ ተቀጠረች፤ ከዚያ የጭነት መኪና ሾፌር አገባች። ሾፌሩ ፎቶ ማንሳት ይወድ ነበር። በሰው አጥር፣ በሰው መኪና አጠገብ ያቆማትና «ፈገግ በይ እንጂ! ቀና በይ!» ይላታል። እሷ በየፎቶው ላይ ጥርሷ የሚያማት ሰው ትመስላለች። አንድ ቀን ጭነት ይዞ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ጥሎላት የሄደው ያንኑ ካሜራ ነው። «ቢያንስ መኪናውን ጥሎልሽ ካሜራውን ይዞ በሄደ» አለቻት ባለቤቴ፤ ሦስታችንም ሳቅን፣ ከዚያ ወሬው ተዘጋ።

ትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ሥራ ያገኘሁላት እኔ ነኝ። ያን ጊዜም ዛሬም ሥራዬ ቀለም መቀባት ነው። የማገለግለው ብዙ የሚከራዩ ቤቶችን የሚያስተዳድሩ አንዲት ሴትን ነው። ሁላችንም «እትዬ ቁልፌ» እንላቸዋለን፤ ከቢሮ ሲወጡም ሲገቡም ቦርሳቸውን እየዳበሱ «ቁልፌ! ቁልፌ የት ገባ?» ስለሚሉ። ተከራይ ሲለቅ መጀመሪያ የጽዳት ሰው ይገባል፤ ቀጥሎ እኔ እገባለሁ። ስንጥቁን በስቱኮ እደፍናለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ እቀባለሁ። ስወጣ ቤቱ ማንም ኖሮበት የማያውቅ ይመስላል።

«ባዶ ቤት ቁልፍ የምሰጠው ለማምነው ሰው ነው» አሉኝ እትዬ ቁልፌ ልጅቷን ሳቀርብላቸው። «ዋሷ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የጠፋ ነገር ቢኖር?»

«እኔን ይጠይቁኛል።»

እሳቸው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ፤ ከዚያ ቁልፍ ሰጧት። ድመቷ ቁልፉን ስትቀበል እንኳ ድምፅ አላሰማችም። የማንም ያልሆነች ሴት ኑሮዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቁልፍ ላይ ተንጠለጠለ። የእኔም ስም አብሮ።

ሥራዋን አላማም። መስኮት ስትወለውል መስታወቱ የሌለ ይመስላል። ጥርጣሬ የገባኝ ከጊዜ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀን ማስረዘም አመጣች። «ጋሼ፣ ነገ አይግቡ፤ ከነገ ወዲያ ይግቡ» ትለኛለች።

«ለምን? ቤቱ እኮ ተጠርጓል።»

«ትንሽ ይቀረኛል።»

«ምኑ ነው የሚቀርሽ?»

«ግድግዳውን አልጨረስኩትም።»

ግድግዳ የኔ ሥራ እንጂ የእሷ አይደለም። ነገሩ አልጣመኝም።

ቀጥሎ ምልክቶቹን አየሁ። ቀለም ከጠርዝ እንዳያልፍ የምንለጥፈው የወረቀት ፕላስተር አለ፤ በኪሴ አንድ ጥቅል አይጠፋም። በየባዶው ቤት ወለል ላይ ከዚያ ፕላስተር ተቆርጦ የተለጠፈ ትንሽ የመደመር ምልክት ማየት ጀመርኩ። አንዱ ግድግዳ ሥር፣ ሌላው ከዚያ ፊት ለፊት ራቅ ብሎ። በየክፍሉ ቦታው ይለያያል። ጥቅሌን አውጥቼ ሳየው ከምጠቀመው በላይ ቀጥኗል። ምልክቶቹን በጥፍሬ ልጬ ጣልኩ። በሚቀጥለው ቤት ደግሞ አገኘሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ዕቃዬን አስቀድሜ ካስገባሁበት ቤት የረሳሁትን የስቱኮ መለቅለቂያ ስፓቱላ ልወስድ ስመለስ፣ በሩ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። የእሷ ድምፅ ነው። «ዐሥር… ዘጠኝ… ስምንት…» እያለች ወደ ታች ትቆጥራለች። ቀስ ብላ፣ ለሌላ ሰው እንደምትቆጥር። አንድ ላይ ስትደርስ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ። አንኳኳሁ። ቶሎ አልከፈተችም። ስትከፍት የሥራ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ እግሯ ግን ባዶ ነው።

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።»

«ማን ነበር የሚቆጥረው?»

«እኔ።»

«ምኑን?»

ከመንገዴ ገለል አለች። እኔ ስፓቱላዬን የምፈልግ መስዬ እየዞርኩ ክፍሎቹን ሁሉ አየሁ፤ የባኞ ቤቱን በር እንኳ ገፋ አድርጌ ተመለከትኩ። ሰው የለም። ግን የእኔ መሰላል ከነበረበት ተነስቷል፤ ወለሉ ላይ የመደመር ምልክት አለ። ስፓቱላውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሳሁና ወጣሁ።

የሕንጻው ዘበኛ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ለሁሉም ነገር ቀልድ አለው፤ ከቀልዱ በታች ግን ሁልጊዜ አንድ መርፌ አለ። ስወጣ ከወንበሩ ሳይነሳ «ጋሼ፣ ድመትዎ አይጥ አግኝታለች መሰለኝ» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም። እኔ ምን አውቄ! ብቻ ከግቢው ወዲያ ማዶ ሆኜ ቀና ስል፣ መጋረጃ በሌለው መስኮት እግር አየሁ። የሴት እግር። ወደ ላይ የተሰቀለ።»

«መስኮት ስትወለውል ይሆናላ!»

«በጀርባዋ ተኝታ ነው የምትወለውለው?» ብሎ ሳቀ። «ደግሞ ብልጭ የሚል ነገር አለ። አንዳንዱ ቤት ሲወለወል ብልጭ ይላል፤ ያ ሌላ ነው። ይኼ ግን እንደ ፎቶ ነው ብልጭ የሚለው። እኔ የለሁበትም ጋሼ፤ እርስዎ ዋስ ነዎትና እንዲያውቁት ነው።»

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ምሳ እያቀረበች አዳመጠችኝ።

«ጠይቃት እንጂ!» አለች።

«ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? ሴት ልጅ ናት፤ እግርሽን ለማን ነው የምታሳዪው ልበላት?»

«እንግዲያው ተዋት።»

«ዋሷ እኮ ነኝ!»

«እንግዲያው ጠይቃት» አለችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። የባለቤቴ ነገር እንዲህ ነው፤ ክብ ነው፣ ተይዞ አይያዝም።

አልጠየቅኋትም። በአእምሮዬ ግን ብዙ ነገር መጣ። ፎቶ የሚያነሳት ወንድ አለ አልኩ። እኔ ስገባ የት ሄደ? በመስኮት? ሦስተኛ ፎቅ ነው። ፎቶውን ትሸጠው ይሆን አልኩ። ወይስ የሚነሳው ቤቱ ነው? የበሩ፣ የመስኮቱ፣ የመግቢያው ፎቶ ለማን ይጠቅማል? ባዶ ቤት ነገ ሙሉ ቤት ይሆናል፤ አዲስ ተከራይ ዕቃውን ይዞ ይገባል። ምልክቶቹ ደግሞ አሉ።

ስለዚህ አንድ ጠዋት፣ ነገ ይግቡ ባለችኝ ቤት ዛሬ ሄድኩ። ወለሉ እንዲደርቅ በሩን ገርበብ አድርጋ ትታዋለች። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ይህን ያደረግኩበት ዕድሜ ለዚህ የሚሆን አልነበረም፤ ሆኖም ገባሁ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ፍሪጅ ይቆምበት የነበረው ግድግዳ ገባ ያለ ቦታ አለ። ዘይትና አቧራ ዙሪያውን ጠቁሮ፣ ፍሪጁ የሸፈነው ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ድመቷ እዚያ ነጩ ውስጥ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ጉልበቷን ከአገጯ አጋጥማ፣ እጅ የሌለው ስስ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፤ ጀርባዋ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቦታውን ሞልቶታል። የአከርካሪዋ አጥንቶች አንድ በአንድ ይታያሉ። ሦስት እግር ባለው መቆሚያ ላይ ካሜራው ብቻውን ቆሞ ጢቅ ጢቅ ይላል። «ሦስት… ሁለት… አንድ…» አለች ለግድግዳው። ቀጭ አለ። እሷ አልተነቃነቀችም። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋለች።

ሌላ ሰው አልነበረም። ጫማዬን ይዤ እንደገባሁ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ክሩን አሰርኩ። ወንድ ባለመኖሩ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አላለኝም። ሰው አእምሮው ሲነካ እንዲህ ይጀምረው ይሆን አልኩ። ያለ ወንድ፣ ያለ ገዢ፣ በሰው ቤት ፍሪጅ መሆን ምን የሚሉት ነገር ነው? ጥርጣሬዬ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግሩ ተዛወረ እንጂ አልሄደም።

ብዙም ሳይቆይ የፈራሁት ደረሰ። እሷ ጠርጋው፣ እኔ ቀብቼው የተከራየ ቤት ተሰረቀ። በሩ አልተሰበረም፤ መስኮቱ አልተነካም። በቁልፍ ነው የተገባው። ተከራዩ እየጮኸ ምንጣፉን ሲገለብጥ፣ ከመግቢያው በር ኋላ ወለሉ ላይ የወረቀት ፕላስተር የመደመር ምልክት ተገኘ። በዚያ ቤት አንዷን ሳላያት አልፌያለሁ ማለት ነው።

እትዬ ቁልፌ ቢሮአቸው አስጠሩን። እኔ፣ ድመቷና ዘበኛው ቆምን። እሳቸው ተቀምጠዋል። ፕላስተሯን በወረቀት ላይ አስቀምጠዋታል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምልክት ነው!» አለ ዘበኛው ሳይጠየቅ። «ሌባ ምልክት ያደርጋል፤ ይታወቃል። ቁልፍ ደግሞ ይቀረጻል። እኔ ማንንም አላልኩም። ብልጭታ ግን አይቻለሁ።»

«አንተ ዝም በል። አንቺን ነው የምጠይቀው።»

«የእኔ ነው» አለች ድመቷ።

«ፕላስተሩ የማን ነው?»

«የጋሼ ነው። እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ዘበኛው ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። በዚህ ዕድሜዬ ከሌባ ጋር ተባብረሃል ተብዬ ተጠርጥሬ አላውቅም።

«ለምንድን ነው ምልክት የምታደርጊው?»

«አንዱ የምቆምበት ነው። አንዱ ካሜራው የሚቆምበት። ሄጄ ስመለስ ቦታው እንዳይጠፋብኝ።»

«ፎቶ ታነሺያለሽ? ቤቶቼን?»

«ራሴን።»

«አምጪያቸው።»

በትከሻዋ የያዘችውን ቦርሳ ወደ ሆዷ ሳበችው። ፎቶዎቹ እዚያ ውስጥ እንዳሉ ሁላችንም አወቅን።

«አላሳይም ብልስ?»

«ቁልፌን አስረክበሽ ትሄጃለሽ። ለሌላም ቤት እንዳትቀጠሪ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ከዚያ ተከራዩ ወደሚከስበት ይክሰስ።»

ድመቷ ወደ እኔ አየች። እንዲህ አድርጋ ያየችኝ ልጅ ሳለች ከበሩ ኋላ ሳገኛት ነበር። አሳዪ ብላት ምን እንደሚወጣ አላወቅሁም። የማፍርበት ነገር ቢወጣስ? ዘበኛው ምላሱን አሹሎ ይጠብቃል። ነገር ግን ሳይታይ የቀረ ነገር ሁሉ ከሚታየው ይብስ ነበር።

«አሳዪያቸው» አልኩ። «አንተ ግን ውጣ» አልኩት ዘበኛውን።

«እኔማ ምስክር ነኝ!»

«በሩ ላይ ሆነህ መስክር» አሉት እትዬ ቁልፌ። ወጣ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ተወው።

ድመቷ ከቦርሳዋ ካኪ ፖስታ አውጥታ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አንዱ ላይ፣ ቁም ሳጥን ለዓመታት ቆሞ ግድግዳው ላይ የተወው ፈዛዛ ቅርጽ አለ፤ እሷ በውስጡ ቆማ ክንዷን እስከ ጫፉ ዘርግታለች። ሌላው ላይ አልጋ በነበረበት ግድግዳ ሥር ርዝመቷን ሙሉ ተጋድማለች፤ ጸጉሯ በግድግዳው ግርጌ ባለው ዞኮሎ ላይ ተዘርግቷል። ሌላው ላይ ባኞ ነው፤ ከጠርዙ የሚታየው አንድ እጅ ብቻ ነው። ሌላው ላይ በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ግድግዳው ላይ ሰቅላለች፤ ግድግዳው ላይ ሥዕል ተሰቅሎበት የነበረ አራት ማዕዘን አለ፣ ተረከዞቿ ልክ እዚያ ውስጥ ናቸው። የዘበኛው እግር ይኸው ነበር። የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። ፊቷ የሚታይበት ግን አንድም የለም።

እትዬ ቁልፌ አንድ በአንድ እያነሱ፣ ወደ ብርሃን እያስጠጉ አዩ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«ማን አነሳሽ?»

«ራሴ። ካሜራው ይታገሣል፤ እስኪታገሥ እቆጥራለሁ።»

«ለማን ነው?»

«ለማንም።»

«ለማንም የሚባል ሰው የለም። ይህን ያህል የለፋ ሰው ለአንድ ሰው ነው የሚለፋው።»

ድመቷ ጣቷን ቁም ሳጥኑ ቅርጽ ላይ አሳረፈች። «ትንሽ ሳለሁ በነበርንበት ቤት ለሁሉም ዕቃ ቦታ ነበረው። ለቁም ሳጥን፣ ለአልጋ፣ ለጫማ ማስቀመጫ። ዕቃው ሲወጣ እንኳ ቦታው ግድግዳው ላይ ቀረ። እኔ በየትኛውም ግድግዳ ላይ አልቀረሁም» አለች። «ጋሼ ደግሞ ነገ መጥተው ይቀቡታል። ስለዚህ እሳቸው ከመቀባታቸው በፊት በዕቃው ቦታ እኔ እሆናለሁ።»

በእኔ ላይ የተናገረችው ይመስል ነበር፤ ግን ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። እኔ ወለሉን አየሁ። በበሩ ስንጥቅ የዘበኛው ጫማ ይታያል።

እትዬ ቁልፌ አንዷን ፎቶ ከሌሎቹ ለይተው ይዘዋታል። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። የተሰረቀው ቤት መግቢያ ነው። ድመቷ ከተከፈተው በር ኋላ ቆማለች፤ የበሩን ጠርዝ የጨበጡት ጣቶቿና የእግሯ ጣቶች ብቻ ይታያሉ። ከጣቶቿ በታች የበሩ ሰረገላ ቁልፍ አለ።

«ይህ የድሮው ሰረገላ ነው» አሉ። «እኔ ራሴ ያስገባሁት። ይኸው ላዩ ላይ የተጫረው ምልክቱ። ትናንት ሄጄ ያየሁት ግን…» ቀና አሉ። «አንተ ሰውዬ! ግባ!»

ዘበኛው ቶሎ ገባ።

«በዚያ በር ላይ ያለው ሰረገላ አዲስ ነው። ማን ቀየረው?»

«እ… ተከራዩ ናቸዋ። እንደገቡ ነው ያስቀየሩት።»

«ሠራተኛውን ማን አመጣው?»

«እሳቸው ሰው ፈልግልኝ ሲሉኝ… የማውቀው ልጅ ነበር።»

«ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

«አትናገር ብለውኛል። እኔ መሐል ላይ ምን አድርግ ይሉኛል?»

እትዬ ቁልፌ መሳቢያቸውን ከፍተው የዚያን ቤት ቁልፍ አወጡ፤ ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ስለዚህ ይህ ቁልፍ ያንን በር አይከፍትም። የእኔም አይከፍትም። እሷ ብታስቀርጸውም ባታስቀርጸውም አይከፍትም።» ወደ ዘበኛው ለረጅም ጊዜ አዩ። ቀልደኛው ሰው ቀልድ አጣ። ሌባው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ በውል አልታወቀም፤ ተከራዩ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ዘበኛ አጠገብ ሳልፍ ሰላምታ የምሰጠው ዓይኔን ሳልነቅል ነው።

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። አላለቀም። እትዬ ቁልፌ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ሌባ አለመሆንሽን አየሁ» አሉ። «ቁልፌን ግን መልሺልኝ። በቤቶቼ ውስጥ የማይገባኝ ነገር አይሠራም። ወይ ካሜራውን ትተይዋለሽ፣ ወይ ቁልፉን።»

ድመቷ አልተከራከረችም። ከኪሷ ቁልፎቹን አወጣች፤ በጠረጴዛው ላይ ያለ ድምፅ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ፎቶዎቿን መሰብሰብ ጀመረች። የቤት ኪራይዋ፣ ምግቧ፣ ልብሷ ያ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

ያን ጊዜ የተናገርኩት ፎቶው ስለገባኝ አይደለም። ዛሬም በሙሉ ገብቶኛል አልልም። የተናገርኩት ስለ ስሜ ነው።

«እትዬ» አልኩ፤ «እኔ ዋስ የሆንኩት ለቁልፉ ነው። ቁልፉ ጎድሏል?»

«አልጎደለም።»

«ከቤቱ የጠፋ አለ? በእሷ እጅ?»

«የለም። ቢሆንም…»

«እንግዲያው ዋስትናዬ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቁልፉ ከተወሰደ፣ የተባረርኩት እኔ ነኝ። ብሩሼንም እዚሁ ላስቀምጥ።» ከደረት ኪሴ ትንሿን የጠርዝ ብሩሽ አውጥቼ ከቁልፎቹ ጎን አስቀመጥኳት። ትንሽ ቀለም ነበረባት፤ ጠረጴዛቸውን ነካች።

«ጠረጴዛዬን!» አሉ እትዬ ቁልፌ። በጨርቅ እየጠረጉ ብዙ አጉረመረሙ። ሰውን በችኮላ የማባረር ልማድ የላቸውም፤ ጥሩ ቀለም ቀቢም በየደጁ አይቆምም። ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦ «ስሙኝ። አንደኛ፣ እሷ ያንን ነገር ስታደርግ እርስዎ ቤቱ ውስጥ ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ አንዲት ምልክት ወለሌ ላይ እንዳትቀር፤ እርስዎ ይልጣሉ። ሦስተኛ፣ ቁልፎቹ በቀለበት ታስረው ወገቧ ላይ ይንጠልጠሉ። ስትመጣ ልስማት።»

ከፎቶዎቹ አንዷን፣ የበሩን፣ ለብቻዋ አስቀሩ። «ይህቺ ማስረጃ ናት» አሉ። አልመለሷትም። በኋላ ገብቼ ሳይ ከጠረጴዛቸው መስታወት ሥር አስገብተዋት አገኘሁ። «ጉዳዩ አለቀ እኮ» ብላቸው፣ «ማስረጃ ነው አልኩዎት» አሉኝ፤ ወሬውን ቀየሩ።

እንዲህ ሆኖ የእህቴ ልጅ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ መምጣቷ ይሰማ ጀመር። ዘበኛው ትንሽ ከሰነበተ በኋላ አፉ ተመለሰለት፤ «ለድመቷ ቃጭል አሰሩላት!» ይላል ቁልፎቿ ደረጃው ላይ ሲንሿሹ። እሷ ትስቃለች። እኔ አልስቅም።

አሁን እሷ በምትሠራበት ክፍል ደጃፍ፣ መሰላሌ ላይ ቁጭ ብዬ ጀርባዬን አዙሬ እጠብቃለሁ። «ጋሼ፣ እንዳይዞሩ!» ትለኛለች። «ለምን ብዬ ነው የምዞረው? ፍሪጅ አይቼ አላውቅምና ነው?» እላታለሁ። ትቆጥራለች። ቀጭ ይላል። ከዚያ ገብቼ ምልክቶቹን እልጣለሁ፤ መስኮቱን እነካካለሁ፣ ሰረገላውን አዞራለሁ፣ ከበሩ ኋላ አያለሁ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ልማድ ነው። ግድግዳው ላይ እሷ የነበረችበትን ቦታ ስቀባ ግን የቀለም ሩሎዬን ቀስ እያደረግኩ እንደማልፍ አስተውያለሁ።

ሰሞኑን ባለቤቴ የገዛ ቤታችንን ሳሎን እንድቀባ ነዘነዘችኝ። «የሰው ቤት ስትቀባ እድሜህ አለቀ፤ የኛ ግድግዳ እኮ ጠቁሯል» አለች። እውነቷን ነው። መስኮቱ አጠገብ የኔ ወንበር አለ፤ እኔ በሌለሁበት እንኳ ማንም አይቀመጥበትም። እሱን ሳነሳ ወለሉ ላይ አየሁት። የወረቀት ፕላስተር፣ የመደመር ምልክት። ጫፉ አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ የዛሬ አይደለም። ቀና ብዬ ፊት ለፊት፣ በበሩ አቅጣጫ ስፈልግ ሁለተኛውን አገኘሁት።

«ድመቷ መቼ ነው እዚህ የመጣችው?» አልኳት ባለቤቴን።

«ሁልጊዜ ትመጣ የለም እንዴ?»

«እኛ በሌለንበት ማለቴ ነው።»

«ቁልፍ አላት እኮ።»

«ማን ሰጣት?»

«አንተ ነሃ! እናቷ የሞተች ጊዜ። ረሳኸው?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ረስቼው ነበር። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ያቺን ምልክት ተመለከትኩ። በወንበሬ ቦታ ላይ ምን ሆና ፎቶ ተነስታ ይሆን? ቁጭ ብላ? ጉልበቷን አጥፋ? ግድግዳው ላይ ጭንቅላቴ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሯል፤ እዚያ ጭንቅላቷን አስጠግታ ይሆን? መጠየቅ ቀላል ነበር። ጥፍሬ በልማዱ ወደ ፕላስተሩ ጫፍ ሄዶ ትንሽ ከፍ አደረገው።

መልሼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ግድግዳውን ቀባሁ፤ ወንበሬን መለስኩና አንዱን እግሩን ልክ ምልክቱ ላይ አቆምኩት። ፎቶውን እስካሁን አላሳየችኝም። የቤቴን ቁልፍም መልሺ አላልኳትም።